ከዖሜር የመጣችው ሴትዮ

ብርማዋ መኪና ሕንፃው ሥር ስትቆም ውዴ መጀመሪያ ያሰበችው ሰው ሞቷል ብላ ነው። ቀጥላ ያሰበችው የመንግሥት ሰው መጣብን ብላ ነው። በሽኩና ሄ፣ በዚህ የድሆች ሰፈር፣ እንዲህ ያለ መኪና በከንቱ አይቆምም። የራሞት ወይም የዖሜር ሀብታም እዚህ ሰፈር የሚመጣው ወይ ሊመረምር ነው፣ ወይ መንገድ ጠፍቶት ነው። ከመኪናዋ የወረደችው ሽበታም ሴትዮ ደግሞ መንገድ የጠፋት አትመስልም። የሕንፃውን ቁጥር አየች፣ ስልኳን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ በቀጥታ የእነ ውዴን መስኮት ተመለከተች።

ውዴ ከመጋረጃው ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ኦፌቅ» አለች ወደ ውስጥ ዞራ። «አንዲት ሴትዮ ቤታችንን እያየች ነው።»

«ፕኒና ናት፣ ኢማ። ነግሬሽ ነበር።»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«ትናንትም፣ ዛሬ ጠዋትም። ምን ፈልጋ ነው፣ ምን ፈልጋ ነው እያልሽ ስታደርቂኝ አልነበር?»

«መልስ መች ሰጠሽኝና።»

እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ እናቷንም የምትጠራት በዚያው ቋንቋ «ኢማ» ብላ ነው። በዚህ ቤት ሁልጊዜም እንደዚህ ነው። ውዴ ዕብራይስጡ አያቅታትም፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በዘጠና አንድ ገና ልጅ ሆና ነው ከአገር ቤት የመጣችው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፣ አሁንም የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ረዳት ሆና ስትሠራ ውላ የምትገባው በዕብራይስጥ ነው። ግን ስትጠራጠር አማርኛ ነው የሚመጣላት። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እየተጠራጠረች ነው።

የኦፌቅ ነገር እንዲህ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች ውጤቷ የሚነገር አልነበረም። የማጠናቀቂያ ፈተናውን፣ እነሱ ባግሩት የሚሉትን፣ በግድ ነው ያለፈችው፤ ሂሳቡን ደግሞ በመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ። ጦር ሠራዊት ገብታ የቁስለኛ ረዳት ሆነች፣ ከዚያ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ገባች፣ የመጀመሪያውን ዓመት ኬሚስትሪ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ግን ምን እንደነካት ማንም ሳያውቅ፣ ውጤቷ ሽቅብ ሄደ፤ ዲግሪዋን ስትይዝ ከክፍሉ የፊተኞቹ ውስጥ ነበረች። አሁን ለሕክምና ትምህርት አመልክታለች። የድሮው ውጤት ግን አልተፋቀም። እንደ እሷ ያለ አመልካች ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ ድሮው መጠየቅ አለበት፣ ስለ እሱ የሚናገርለትም አንድ ሰው ይዞ ይቀርባል። ፕኒና ያቺ ሰው ናት። ጡረታ የወጣች የሕፃናት ሐኪም፣ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን በነፃ የምታዘጋጅ።

ውዴን እንቅልፍ የነሳት ይህ «በነፃ» የሚለው ነው።

«አንድ ሰው ከዖሜር ድረስ ነድቶ፣ ፀሐይ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ በነፃ?» አለች ለባሏ። ታከለ ከፋብሪካ ገብቶ፣ ድምፁን ያጠፋውን ቴሌቪዥን እያየ ነበር።

«ሰው ጡረታ ሲወጣ ይሰለቸዋል» አለ ታከለ።

«ታዲያ አትክልት አትተክልም?»

በዚያው ቅጽበት በሩ ተንኳኳ።

ፕኒና ውስጥ ገብታ የተቀመጠችው ኦፌቅ ካሳየቻት ወንበር ላይ አልነበረም። ሁሉን ማየት የሚያስችለውን መረጠች። ውዴ ይህን ልብ አለች። የግድግዳውን ፎቶዎች አየች፣ የኦፌቅን የወታደር ፎቶ ረዘም አድርጋ አየች፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤቱ ወዴት ነው አለች። ውዴ ውሃው ስንት ጊዜ እንደፈሰሰ አዳመጠች። መስታወቱ ሥር ያለው ቁም ሣጥን ሲከፈት ግጭ የሚል ድምፅ አለው፤ አልሰማችውም። ይህ ትንሽ አረጋጋት፣ ብዙ ግን አይደለም። ቀስ ብሎ የሚከፍትም ሰው አለ።

ሙቀቱ ከባድ ስለነበር የውጭው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ልክ ፕኒና ተመልሳ ስትቀመጥ ደረጃው ላይ የፌስታል ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎም የሰው ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ዝምታ። ውዴ ማየት አላስፈለጋትም። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት እማማ ሸዋርካብ ከገበያ ተመልሰው ሊያርፉ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ሁልጊዜ የሚያርፉት በእነ ውዴ በር ፊት ነው።

እማማ ሸዋርካብ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን እንዴት ያማረ ነው ያሉት ነገር ሳምንት አይከርምም። የውዴን አዲስ የልብስ ማጠቢያ አመስግነው በሦስተኛው ቀን ቤቱ በውሃ ተጥለቅልቋል። የታከለን ጤና አመስግነው ወገቡ ተይዟል።

«እንግዲህ ስለ ኦፌቅ ንገሪኝ» አለች ፕኒና። «እንዴት ያለች ልጅ ናት?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ውዴ ባደገችበት ቤት ልጅ በሰው ፊት አይመሰገንም። እናቷ ከእሷ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ሁለቱም ያማሩ፣ ሰው ያያቸውና አቤት ያላቸው ልጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ እናቷ የምታመጣው የስድብ መዓት ነው። ይቺ ፉንጋ፣ ይቺ ደንቆሮ፣ ይህቺን ማን ያገባታል ትላለች፤ እንግዳውም ይገባዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ አዎ ምንም አትረባም ብሎ ይረዳል። ልጅን መጠበቅ ማለት ይህ ነበር። ውዴም ስታድግ የተረፈችው በዚህ እንደሆነ አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። መቼም ያልተጠራጠረችው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

«እንደ ማንኛዋም ልጅ ናት» አለች። «የተለየ ነገር የላትም።»

«ሐኪም መሆን ትፈልጋለች እኮ።»

«ትፈልጋለች። እኔም ብዙ ነገር እፈልጋለሁ።»

ፕኒና ፈገግ አለች። ውዴ ፈገግታውን አልወደደችውም። ደረጃው ላይ ፌስታሉ ኮሽ አለ።

«ትችላለች ብለሽ ታምኛለሽ?»

«እሷ?» ውዴ ድምጿን ከፍ አደረገች፣ ውጭ ድረስ እንዲሰማ። «ድስት ጥዳ የምትረሳ ልጅ ናት። ሁለት ድስት አሳርራብኛለች። ሰው እጇ ላይ ቢጥሉላት ምን ታደርገው ይሆን?»

«በትምህርት ግን...»

«በትምህርት ደካማ ናት። ከጥንትም ደካማ ናት። አስተማሪዎቿ አትረባም ይሉኝ ነበር፣ እውነታቸውን ነው።»

«ሰነፍ ናት» ሲል ታከለ ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳያነሳ አገዛት።

ኦፌቅ የእጇን ጥፍር ትመለከት ነበር። ፕኒና ከእናቷ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ ልጅቷ አየች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልጠየቀችም። ስትወጣ በሩ ላይ ኦፌቅን ትከሻዋን ያዝ አድርጋ በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት፣ ወደ ደረጃው ስትዞርም እማማ ሸዋርካብን ልትረግጣቸው ምንም አልቀራትም።

«ይቅርታ» አለች ፕኒና።

«ምንም አይደል፣ እያረፍኩ ነው» አሉ እማማ ሸዋርካብ በአማርኛ፣ ወደ ውዴም ዞረው፣ «ልጅሽ ሐኪም ልትሆን ነው እንዴ?» አሏት።

«ኧረ ምን ሐኪም። እንጃላት። ወረቀት ሞልታ ነው።»

«እሱስ ከባድ ነው» አሉ እማማ ሸዋርካብ በሙሉ ልብ፣ ፌስታላቸውንም አንስተው ወጡ።

ውዴ በሩን ዘግታ ተነፈሰች። ታከለም «ደግ አደረግሽ፣ ምንም አልያዘችብንም» አላት። ኦፌቅ ወደ ክፍሏ ገብታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የኦፌቅ በር መዘጋት አበዛ። ማታ ማታ ድምጿ ይሰማል፤ ስልክ አይመስልም፣ ንባብም አይመስልም። አንድ ነገር ትላለች፣ ታቆማለች፣ ያንኑ ደግማ ትላለች። ውዴ የታጠፈ ልብስ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ትቆማለች። ልብሱን አንድ ጊዜ ካጠፈችው በኋላ ፈታ እንደገና ታጥፈዋለች። ቃሉ ሁሉ አይሰማትም፤ «ኢማ» የሚለው ግን ይሰማታል። አንድ ማታ አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ጆሮዋ ገባ። «እናቴ በእኔ አታምንም ነበር።»

ሳታንኳኳ ገባች።

«ማንን ነው የምታሚው?»

ኦፌቅ መስታወቱ ፊት ቆማ ነበር። ስልክ አልያዘችም።

«ማንንም አላማሁም። እየተለማመድኩ ነው።»

«እኔን ነው የምትለማመጅው?»

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ተቀመጭ፣ ኢማ» አለች፣ በአማርኛ። ውዴ ይህን ስትሰማ ልብሱን እንደያዘች ተቀመጠች። ኦፌቅ አማርኛ የምታወጣው ነገሩ ሲከፋ ብቻ ነው።

«ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የድሮውን ውጤት ነው» አለች ኦፌቅ፣ ወደ ዕብራይስጧ ተመልሳ። «ለምን እንደዚያ ሆነ ይላሉ። ምክንያት ይፈልጋሉ። ፕኒና ደግሞ ምክንያት አገኘሁ አለች።»

«ምን አገኘች?»

«አንችን።»

ውዴ ልብሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«የማትደግፍ እናት፣ ሰነፍ የሚል አባት። አንድ ጥሩ ቃል ሳትሰማ ያደገች ልጅ። ከዚያ ቤት ወጥታ እዚህ ደረሰች። ፕኒና ኮሚቴው ፊት የምትናገረው ይህን ነው። እኔም እንድናገር ትፈልጋለች። በዓይኗ እንዳየችው ትላለች፣ በጆሮዋ እንደሰማችው።»

የውዴ የመጀመሪያ ስሜት ደስታ ይመስል ነበር። አውቄዋለሁ፤ ያቺ ሴትዮ ለበጎ እንዳልመጣች አውቄዋለሁ። ለመያዝ ነው የመጣችው፣ ይዛም ሄደች። ሁለተኛው ስሜቷ ግን ሌላ ነበር፣ እሱም በፍጥነት መጣ።

«ይጠቅምሻል?» አለች።

«ምኑ?»

«እንደዚያ ማለቱ። ያስገባሻል?»

«ፕኒና በጣም ይጠቅማል ነው የምትለው።»

«እንግዲያው በይው።» ውዴ ጭኗ ላይ ያለውን ልብስ አለሰለሰች። «ማን ያውቀኛል? ክፉ እናት ናት ብለው ያስቡ። ነገ ገበያ አያገኙኝ። አባትሽም ምን ቸገረው፣ ሰነፍ ያልኩት እኔ ነኝ ይላል።»

ኦፌቅ ልትስቅ ትንሽ ሲቀራት ተወችው።

«እሱ አይደለም ችግሩ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ስለማመደው ውሸት አልመሰለኝም።»

ውጭ አንድ ሞተር ሳይክል አለፈ። ውዴ እጇን ዘርግታ መስኮቱን ዘጋች።

«ዓይን እንዳይገባሽ ብዬ እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እማማ ሸዋርካብ በር ላይ ተቀምጠው። ታውቂው የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ። የዓይኑን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። እንግዳው ከሄደ በኋላስ? በሩ ከተዘጋ በኋላ ምን ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ብዬሻለሁ።»

«አንድ ቀን ንገሪኝ። አንዱን ብቻ።»

ውዴ ፈለገች። ብዙ አገኘች። ልጅቷ ተኝታ ሳለ በላይዋ ቆማ ያሰበችውን አገኘች። ለእግዜር ያለችውን፣ ለታከለ ጨለማ ውስጥ በሹክሹክታ ያለችውን አገኘች። ለራሷ ለኦፌቅ ያለችውን ግን አላገኘችም። የእናት ዓይንም እኮ ዓይን ነው፣ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው ሲባል ነው ያደገችው። ስለዚህ ቃሉን በልቧ ይዛ ቆይታለች። ልጇን ከራሷም ጭምር ጠብቃታለች፣ ልጅቷ ይህን የምታውቅ መስሏት። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር አንዲት ልጅ እንዴት ሳታውቀው ትቀራለች?

ልብሱን ይዛ ተነሳች። በሩ ጋ ደርሳ «ድስት ማሳረርሽ ግን እውነት ነው» አለች።

በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ የፕኒናን ስልክ ደወለች። ልምጣ አለቻት። ፕኒናም ትንሽ አመንትታ ነይ አለች።

ዖሜር የእግረኛ አገር አይደለም። አውቶቡሱ መግቢያው ላይ አውርዷት ሄደ፣ ውዴም በተከረከሙ የቁጥቋጦ አጥሮችና በተዘጉ በሮች መሃል ብቻዋን ስትሄድ ያለፈ መኪና ሁሉ የሚያያት ይመስላት ነበር። አበባ የሚያጠጣ ሰውዬ «የማን ቤት ነው የምትሠሪው?» ብሎ በደግ ድምፅ ጠየቃት። «የራሴን» አለችውና አለፈች።

ፕኒና አትክልት ተክላለች፣ ጓሮው ሙሉ። ውዴ ይህን ስታይ አንዱ ጥርጣሬዋ ወደቀ፣ ሌላው ግን ቆመ፤ አትክልትም ተክላ ካልበቃት ምን ፈልጋ ነው? ውሃ ቀረበላት። ፕኒና ከራሷ ብርጭቆ እስክትጠጣ ጠብቃ ጠጣች።

«ኦፌቅ ናት የላከችሽ?» አለች ፕኒና።

«መምጣቴን አታውቅም።»

«እሺ።»

ውዴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አውቶቡስ ውስጥ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋ። ጓሮውን አየች፣ አጥሩን አየች፣ ሰው ያለ እንደሆን። በዕብራይስጥ ነው የምናገረው አለች በልቧ፤ በዕብራይስጥ ቀላል ይሆናል።

«ኦፌቅ ጎበዝ ናት» አለች።

ምንም አልሆነም። ሰማዩም አልተደረመሰ፣ ስልኳም አልጮኸ። ቢሆንም ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አየች። የኦፌቅ አውቶቡስ በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ ነው።

ፕኒና ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። «ባለፈው ሌላ ነው ያልሽኝ።»

«ባለፈው የሰው ጆሮ ነበር። እኛ ልጃችንን በሰው ፊት አናመሰግንም። ዓይን ይገባዋል። እርስዎም እንግዳ ነበሩ። ደረጃው ላይ የነበሩት ጎረቤቴም...» ስለ እማማ ሸዋርካብና ስለ ራሷ የልብስ ማጠቢያ ልትናገር ጀምራ ተወችው። «ያልኩት ሁሉ እንዲህ ለመጠበቅ ነው። የኛ ሰው ቢሰማው ወዲያው ይገባው ነበር።»

ፕኒና ትኩር ብላ አየቻት። ውዴ ያንን አስተያየት በደንብ ታውቀዋለች። የራሷ አስተያየት ነው፤ በመስኮት መጋረጃ ኋላ ሆና ሰው የምታይበት። አሁን ወደ እሷ ዞሯል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች ፕኒና፣ «ግን በግልጽ ልጠይቅሽ። ኮሚቴው ፊት ስለ አንች ምን እንደምል ሰማሽ። አልወደድሽውም። ማንም እናት አይወደውም። አሁን መጥተሽ ጎበዝ ናት ትያለሽ። ምኑን ልመን?»

ውዴ በሕይወቷ ሙሉ ሰውን ስትጠራጠር ኖራለች፤ እሷ ስትጠረጠር ምን ማለት እንዳለባት ግን አታውቅም ነበር። ቦርሳዋን ያዘች፣ ልትነሳም አሰበች። ከዚያ ተናደደች፣ ንዴቱም ረዳት።

«ልዋሽ ብመጣማ ሌላ ውሸት አመጣ ነበር» አለች። «የእርስዎ ታሪክ ለልጄ ይጠቅማታል። ራሷ ነግራኛለች። ክፉ እናት ስላላት ወደቀች ከተባለ ኮሚቴው ያዝንላታል። እኔ የመጣሁት ያንን ልነጥቃት ነው። እውነቱን ያውቃሉ? ማንም አልከለከላትም። ማንም አልከፋባትም። አታጠናም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አላጠናችም። ትምህርት ቤት ሄደች ስል የአውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ያለው የገበያ ማዕከል ውስጥ ተቀምጣ ከጓደኞቿ ጋር ድንች ጥብስ ትበላ ነበር። እየተጠራሁ ሄጃለሁ፣ እየለመንኩ፣ እየተቆጣሁ። ልቧ አልነበረም፣ በቃ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወታደር ቤት የቁስለኛ ረዳት አደረጓት። በመጀመሪያው እረፍት መጥታ አባቷን ሶፋ ላይ አጋድማ ደም ማቆም እየተለማመደች እግሩን ስታሥር ስትፈታ ዋለች። እግሩ እስኪጠቁር። ታከለ ተይኝ እያለ ይጮሃል፣ እሷ እንደገና ትላለች። እንደገና ስትል ሰምቻት አላውቅም ነበር። ስለ ምንም ነገር።» ውዴ ትንፋሽ ወሰደች። «ኬሚስትሪ ስትወድቅ ተወችው ብዬ ነበር። የሕንፃችን የቦምብ መጠለያ ውስጥ ጠረጴዛ አስገባች። ቤቱ ይጮህብኛል ብላ። በክረምት፣ እዚያ ብርድ ውስጥ። ምግብ ይዤ ስወርድ አትሰማኝም። ሰሃኑን አስቀምጬ እወጣለሁ። ጎበዝ ናት። ከማውቀው ሰው ሁሉ ጎበዝ ናት። እጇም ለሰው ገር ነው። እማማ ሸዋርካብን መርፌ የምትወጋቸው እሷ ናት፣ አላመመኝም ነው የሚሉት።»

ውዴ የቀረውን ውሃ ጠጥታ ጨረሰች።

«ይህን ሁሉ ለእሷ ነግረሻት ታውቂያለሽ?»

«ስለዚያ አልመጣሁም» አለች ውዴ።

ፕኒና ብርጭቆዋን አንስታ ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠች።

«የምታደርጊውን ታውቂያለሽ?» አለች። «ልጅሽ ስለ ድሮው ውጤቷ ያላት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። ያንን ከወሰድሽ ባዶ እጇን ነው የምትገባው። አላጠናሁም ብላ። ላይቀበሏት ይችላሉ።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«ሐኪም ብትሆንም ባትሆንም ወደ ቤት ነው የምትመለሰው» አለች ውዴ። «ያንን ኮሚቴ ፊት ተናግራ ከተመለሰች፣ ከዚያ በኋላ እኔ ምን ብላት ታምነኛለች?»

ፕኒና በመኪናዋ ላድርስሽ አለቻት። ውዴ እምቢ አለች፤ መንገድ ላይ ሌላ ጥያቄ እንዳይመጣ።

ኮሚቴው የተቀመጠ ቀን ሦስቱም በአውቶቡስ ሄዱ። ታከለ የሰንበት ሸሚዙን ለብሷል። ፌርማታው ላይ ቆመው ሳሉ ውዴ የአውቶቡሱን ሰሌዳ እያነበበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ በአማርኛ፣ «ጎበዝ ነሽ» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች ኦፌቅ።

«ሰምተሻል። አላስደግምም።»

ኦፌቅ በርግጥ ሰምታ ነበር። የሸሚዟን እጅጌ ቁልፍ ትከፍትና ትዘጋ ጀመር። ታከለ ሁለቱን በየተራ አየና ሰሌዳውን ማንበብ ጀመረ።

ፕኒና በኮሪደሩ ጫፍ ትጠብቃቸው ነበር። ኦፌቅን ገለል አድርጋ አነጋገረቻት፣ አብረውም ገቡ። ውዴ በሩ ፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ውስጥ ምን እንደሚባል አልተሰማም። አንድ ጊዜ ግን ሳቅ ሰማች፣ የወንድ ሳቅ።

«እየሳቁባት ነው» አለች።

«ቀልዳ ይሆናል» አለ ታከለ።

«ኮሚቴ ፊት?»

ኦፌቅ ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ፕኒና ከኋላዋ ወጥታ ለውዴ ራሷን ዝቅ አደረገችላት፣ ደስ እንዳላት ወይም እንዳዘነች ግን አላስታወቀችም።

«ለምን ሳቁ?» አለች ውዴ።

«ለምን እንደዚያ ሆነ አሉኝ። አላጠናሁም አልኳቸው። ቀጥዪ ብለው ጠበቁ። አልቀጠልኩም። ከዚያ አንዱ ሳቀና በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም አለ።»

«እያላገጠ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ኢማ።»

«ፕኒናስ ምን አለች?»

«ስለ መጠለያው ተናገረች። ስለ አባባ እግር።» ኦፌቅ እናቷን አየቻት። «ማን እንደነገራት አልገባኝም።»

ውዴ ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ መፈለግ ጀመረች። መሐረቡ እጇ ላይ ነበር።

መልሱ በስልክ ነው የመጣ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ታከለ ሻወር ውስጥ ሳለ። ኦፌቅ ማእድ ቤቱ ውስጥ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይኗ አቅርባ እንደገና አየችው። ውዴ የምትልጠውን ድንች አስቀመጠች። አለቀ አለች በልቧ። ጎበዝ ናት ብዬ በአፌ ተናግሬ፣ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ።

«ተቀበሉኝ» አለች ኦፌቅ።

«ደግመሽ አንብቢ።»

«ተቀበሉኝ ነው የሚለው።»

«ስምሽን አይተሻል? ኦፌቅ የሚባል ስንት አለ። የመታወቂያ ቁጥሩን እይ።»

«የእኔ ቁጥር ነው።»

«እስከ መጨረሻው አንብቢ። እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ ታች የሆነ ነገር አለው።»

ኦፌቅ በጣቷ ገጹን ገፋ አደረገች። ታች በርግጥ አንድ ነገር ነበረ። ኮሚቴው የሚቀበላት የሂሳብ ባግሩቷን በከፍተኛው ደረጃ እንደገና ወስዳ፣ በጋው አልቆ የአይሁድ አዲስ ዓመት በዓላት ሳይደርሱ ካለፈች ነው። ካላለፈች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«ሂሳብ» አለች ኦፌቅ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ጋር።»

ውዴ ግን ትከሻዋ ሲወርድ ተሰማት። ኦፌቅ መልሱን ካነበበችው ጊዜ ጀምሮ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት ከብዙ ዓመት ጀምሮ፣ ተሰቅሎ የነበረ ትከሻ። እንዲህ ከሆነማ እውነት ነው። የሚያታልል ሰው ሁሉንም አሳምሮ ነው የሚሰጥ፤ እነዚህ ግን እንከኑን በግልጽ ጽፈውታል። እንከን ያለው ነገር ይታመናል። ልጇ በርግጥ ተቀባይነት አግኝታለች።

«መቼ ነው የሚጀምረው ሂሳቡ?» አለች።

«የበጋ ኮርስ አለ። እሑድ።»

«እንግዲያው መጠለያው ውስጥ ያለውን ጠረጴዛ ዛሬውኑ ወደ ላይ እናወጣዋለን። እታች በበጋ አይሆንም፣ ትታፈኛለሽ። ቴሌቪዥኑ መኝታ ቤት ይግባ።»

ታከለ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ብቅ አለ። ሁለቱንም አየ። «ምንድን ነው?»

ኦፌቅ ነገረችው፣ የሂሳቡንም ጭምር። ታከለ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በፎጣው ጠረገ። በሩ ገርበብ ማለቱን አይቶ፣ እንደ ለመደው፣ ለደረጃው በሚበቃ ድምፅ፣ «ሂሳቡን መቼም ትወድቀዋለች» አለ።

ውዴ ድንቹን አንስታ መላጥ ጀመረች።

«ትወድቃለች ያለህ ማነው?» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ።